አምስተኛው መስኮት

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናብ የጠገበ አሮጌ ጡብ ሽታ ሲያውደኝ እትዬ አልጋነሽ ድቅን አሉብኝ። ለእህቴ ሠርግ የሚከራይ ቤት ለማየት ቁልፍ ተቀብዬ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ቤቱ ያ በልጅነቴ እሳቸው ሲያጸዱት አብሬያቸው የምውልበት ቤት ነው።

እትዬ አልጋነሽ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ኬንት የምትባል ከተማ ስንኖር ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ኤርፖርት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት የሚወስዱኝ እሳቸው ናቸው፤ በዚያች በምታቃስት መኪናቸው ይዘውኝ በቀጥታ ወደ ሥራቸው። የሚያጸዱት ሲያትል፣ ሐይቁ ዳር ያለውን የጡብ ቤት ነበር። አንድ የእንጨት ነጋዴ የእንግሊዝ ባላባቶችን የገጠር ቤት አስመስሎ አሠራው ይባላል። ቀይ ጡብ፣ ነጭ የድንጋይ ጠርዝ፣ በሩ ልክ መሀል ላይ፣ በግራና በቀኝ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች። ግራው ከቀኙ በአንዲት ጡብ እንኳ አይዛነፍም። የሚኖርበት ሰው አልነበረም።

እትዬ አልጋነሽ ታዲያ በሩን ከፍተው ዘው አይሉም። ሻሻቸውን አስተካክለው «ቤቶች!» ይላሉ፤ ይጠብቃሉ።

«ማንም የለም እኮ» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

«የሰው ቤት ሳይፈቅዱልሽ ይገባል እንዴ? ዝም ብለሽ ስሚ።»

ከላይ በግራ በኩል ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ግቡ ብለውናል» አሉና ባልዲያቸውን አነሡ።

ፎቁ ከውጭ ሲቆጠር አምስት መስኮት አለው፤ ከውስጥ ግን አራት። አምስተኛው ለቤቱ የፊት ገጽታ ሚዛን ሲባል ብቻ የተሠራ፣ በጡብ የተደፈነ የውሸት መስኮት ነው። ከኋላው ክፍል የለም። የሚንኳኳው ከዚያ ነበር።

አንድ ቀን የቤቱ ኃላፊ ሲጣሩ ደረሰባቸው። እንግሊዝኛ ስለማይሆንላቸው እኔን ጠየቀኝ፤ ከላይ ተንኳኩቶ ግቡ እስኪባሉ እንደሚጠብቁ ነገርኩት። ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አንቺም ትሰሚያለሽ?» አለኝ። እትዬ አልጋነሽ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እብድ እንዳልባል ፈራሁ።

«ኖ» አልኩት።

በሳምንቱ አእምሯቸው ልክ አይደለም ተብለው ተባረሩ። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ» ብቻ ነበር ያሉኝ፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ሳምንት በሩን ከፍቼ «ቤቶች!» አልኩ። ጠበቅሁ። ከዝናቡ በቀር የሚሰማ የለም። ደግሜ ተጣራሁ።

«ያኔ ሰምቼ ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ዋሽቼ ነው።»

ማንም አላንኳኳም። ሳይፈቅዱ አይገባም፤ እሳቸው ያስተማሩኝ ይህንን ነው። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።