ውሃ ጠጥቼ መጣሁ

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው። ሴት ልጄ ዐረብ አገር በሄደች ጊዜ ሀ ሁን እንኳ አልለይም ነበር። ደብዳቤ ብትጽፍልኝ ጎረቤት ነው የሚያነብልኝ፤ የእናትና የልጅ ወሬ ደግሞ በሰው አፍ ሲያልፍ ደስ አይልም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ልጆች እንደሚያደርጉት ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች ወደ አገር ከሚመጣ ሰው ጋር ትልክልኝ ነበር። ሦስት ካሴት ላከች። ከሦስተኛው በኋላ የመጣው መርዶዋ ነው። ሬሳዋ አልመጣም። ሁለቱ ካሴቶች በመደጋገም ብዛት ክራቸው ተበጠሰ። እንግዲህ ሌላው ሰው መቃብር ሄዶ እንደሚቀመጠው፣ እኔ ይቺ አንዲቱ ዘንድ እቀመጣለሁ።

በካሴቱ ላይ ስለምትበላው፣ ስለምትለብሰው ታወራለች። «ደልቶኛል እማዬ፣ ወፍሬያለሁ፣ ብታዪኝ አታውቂኝም» ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ረዘም ያለ ዝምታ። ቀጥሎ «ውሃ ጠጥቼ መጣሁ» ብላ ትስቃለች። እኔም እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ አብሬያት እጠጣለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ አደረግሁ! አብሮ መብላቱ ቢቀርብኝ አብሮ መጠጣቱ አይቅርብኝ ብዬ ነው።

የቤቱ ቴፕ ሲሞት፣ ካሴት የሚጎርስ የቀረው የወንድ ልጄ አሮጌ መኪና ብቻ ሆነ። ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ቴፕ ነው። ከከተማ ወጥተን ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቡሹሎ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ መንገድ ላይ ያሰማኛል። ግን የመኪናው ስፒከር ያንሾካሹካል፣ የኔም ጆሮ ከብዷል። ወደ ስልክ እናስገልብጠው ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ልጄን ለሁሉ አላሰማም። «እንግዲያው ጆሮሽ ጨርሶ ሳይዘጋ አንዴ አጥርተሽ ስሚያት» ብሎ ከከተማችን ፒያሳ ጀርባ ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወሰደኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ተጫዋች ሰው ነው። «ይሄን ነቅለን ስክሪን እንግጠምበት» አለ።

«ስክሪኑ ካሴት ይጎርሳል?» አልኩት።

«እማማ፣ ካሴት የሚጎርስ ስክሪን እንኳን እዚህ አዲስ አበባም የለም!»

«እንግዲያው ቴፑን እንዳትነካብኝ።»

ራሱን አከከ። ፋብሪካው አምፕሊፋየር ለሚሉት ድምፅ ማጉያ የሚሆን መውጫ አልተወለትም አለ። ድምፁን ወደ ስፒከሩ ከሚሄደው ሽቦ ላይ ነው የሚጠልፈው፤ ገበሬ ከቦይ ውሃ እንደሚጠልፍ ማለት ነው። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አስገባ፣ ድምፁን ለአምፕሊፋየሩ ታለዝባለች አለኝ። ከባትሪው ወፍራም ቀይ ሽቦ ስቦ፣ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ሥር አስተኛው። ሞተሩ ሲነሳ ግን እንደ ትንኝ ያፏጭ ጀመር።

«የመሬቱን ሽቦ ቀለም ላይ አስሬው! ከብት ነኝ» ብሎ ራሱን ሰደበ። ቀለሙን ፍቆ ባዶ ብረት ላይ ሲያስረው ትንኙ ጠፋ። «በሉ እማማ፣ አሁን ሠርግ ይደግሱበታል!»

ልጄ ካሴቱን ከተተው። እኔ የውሃ ጠርሙሴን ጭኔ ላይ ይዣለሁ።

«እማዬ» ስትል ደረቴን መታኝ። አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ። ትንፋሽዋ ሳይቀር ይሰማል። ስለ ምግቡ አወራች፣ ስለ ልብሱ አወራች፣ «ደልቶኛል» አለች። ከዚያ ዝም። የጠርሙሱን ክዳን ከፈትኩ።

ዝምታው ዝምታ አልነበረም። አፍዋን በጨርቅ አፍና ታለቅስ ነበር። በር ተንኳኳ፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ ጮኸች። ልጄ አፍንጫዋን ሳበች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ «ውሃ ጠጥቼ መጣሁ» ብላ ሳቀች።

ለካ ስንት ዓመት በልቅሶዋ ላይ ውሃ ስጠጣ ኖሬያለሁ።

ልጄ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። «ተወው» አልኩት። ያ ተጫዋች ሰው ካቻቢቴውን እያገላበጠ፣ ጣሪያ ላይ የቆመውን አባ ኮዳ የሚሉትን ትልቅ ወፍ ያይ ጀመር።

«ይቅር በይኝ እማዬ» አለኝ ልጄ። «ባላመጣሁሽ ኖሮ። አሁኑኑ ላስነቅለው?»

«አታስነቅለው። ስንት ዓመት ብቻዋን አልቅሳለች።»

ጠርሙሱን ከደንኩት።

አሁን አልፎ አልፎ ሐይቁ ዳር መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ያሰማኛል። እሱ ወርዶ ይጠብቀኛል። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ውሃ አልጠጣም። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አለሁ» እላታለሁ። ቶሎ ብዬ ነው የምላት፤ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት።