ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ ቁጥር

ዓለም ከተማ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አሠልጣኝ ሆኜ የተቀጠርኩት ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ቀን ዲኑ አቶ ከበደ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «አሥራ ሁለት ማሽን አለ። የሚሠሩት ሰባቱ ናቸው፤ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው» አሉኝ።

ገብቼ አየሁ። ማሽኖቹ ሁሉ በልካቸው የተሰፋ አቡጀዲ ለብሰዋል።

ያኔ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ፕሮግራሚንግ የተማርኩት በወረቀት ነው። ፕሮግራም ጽፌ በማሽን አስነሥቼ አላውቅም። የሙከራ ጊዜዬም ገና አላለቀም ነበር።

ከሠልጣኞቹ በዕድሜ ትልቋ እትዬ አስናቀች ነበሩ። በወረዳ መሥሪያ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ ለሥልጠና የተላኩ ናቸው። እሳቸውን አስቤ በፕሮግራሙ የምንጽፈውን የመጀመሪያ ክላስ «ደብዳቤ» አልኩት።

«ክላስ ንድፉ ነው» ብዬ አስረዳሁ። «ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ጉዳይ አለው ይላል። በንድፉ የሚሠራው እያንዳንዱ ደብዳቤ ደግሞ ኦብጀክት ይባላል።»

መብራት ስላልነበረ ሁለት ቀን በሰሌዳና በደብተር ሠራን። በሦስተኛው ቀን መብራት መጣ፤ አቶ ከበደም ሊያዩን ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ሁለት ደብዳቤ ፈጠርን፤ አንዱን ቁጥር 14፣ ሌላውን 15 አልነው። ማሽኑ ሁለቱንም 15 ብሎ አወጣ።

«ማሽኑ ቫይረስ አለበት» አልኩ።

ወደሚቀጥለው ማሽን ሄድን። እዚያም 15 እና 15።

«ይሄም አለበት» አልኩ። አቶ ከበደ ተነሥተው ወጡ።

ክፍሉ ሲበተን እትዬ አስናቀች ደብተራቸውን ይዘው ቀሩ።

«መምህር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል?»

«ይበሉ።»

«የመሥሪያ ቤት ማኅተም አንድ ነው። ለደብዳቤው ሁሉ እሱኑ ነው የምንመታው። ቁጥር ግን ለየደብዳቤው ነው። ይሄ ማሽን ቁጥሩን እንደ ማኅተም የያዘው ይመስለኛል። ይዩት፣ የቁጥሩ መስመር ላይ ያለች አንዲት ቃል የጉዳዩ መስመር ላይ የለችም።»

ቃሏ «ስታቲክ» ነበረች፤ የተጻፈችበትን ነገር ለሁሉም ኦብጀክት አንድና የጋራ ታደርገዋለች። ፕሮግራሙ ሥራ የሚጀምርበት ክፍል፣ ዋናው ሜተድ ላይ አይቻት፣ ትርጉሟን ሳላጣራ የጨመርኳት እኔው ነኝ። አጥፍተን አስነሣነው፤ 14 እና 15 ወጣ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

«ለሌሎቹ እርስዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«እኔ አልናገርም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ስህተቱ የማን ሆነና?»

በማግሥቱ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ማሽኖቹ ደኅና እንደሆኑና ስህተቱ የኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያም ስታቲክን በማኅተሙ ምሳሌ አስተማርኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ግን ሁሉም ገባቸው።

በሳምንቱ ግምገማ ሆነ። በዚያ ዘመን በግምገማ ላይ ሠልጣኝም ተነሥቶ አሠልጣኙን ይተች ነበር። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቫይረስ ነው ብለው ዋሽተውናል» አለ። አቶ ከበደ ወደ እትዬ አስናቀች ዞሩ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ዋሽተዋል፤ እውነቱን ነው» አሉ። ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ። «በማግሥቱ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ጥፋቱ የኔ ነው ብለዋል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አለቃ አልገጠመኝም።»

አቶ ከበደ የሆነ ነገር ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ቀጣዩ አሠልጣኝ» አሉ።

ሙከራዬን አልፌ እዚያው አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ። እትዬ አስናቀችም ሥልጠናቸውን ጨርሰው ወደ መዝገብ ቤታቸው ተመለሱ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሳቸው «መምህሬ» ይሉኛል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ለአዲስ አሠልጣኞች የምለው አጭር ነው። ራሳችሁ ያላስነሣችሁትን ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። ማሽኑ እንቢ ካላችሁም የጻፋችሁትን መስመር መጀመሪያ አንብቡ።