ከሚስተር ድራጋን የተዋስኩት ኬዝ

ከሆሳዕና የወጣሁ ቀን ልጄ ቤቲ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሊነጋጋ ሲል እናቴ «አትሳሚያት፣ ትነቃለች» አለችኝና ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ደጅ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ቤቲ ከውስጥ ስታስል ሰማኋት። ተመልሼ ላለብሳት ስል ሊወስደኝ የመጣው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ሳቋርጥ፣ በጭነት መኪና ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ስታፈን፣ የማስበው ያቺን ሳል ነበር። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ጆሃንስበርግ እንደደረስኩ አንድ ያገሬ ልጅ ደላላ ኬዝ አሠራልኝ። ኬዝ ማለት፣ አገርሽን ለምን ለቀቅሽ ሲሉሽ የምትሰጪው ታሪክ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ሳላውቅ ፈረምኩ። ለካ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ አድርጎኝ ኖሯል። እኔ በዕድር ስብሰባ እንኳ እጄን አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም። በዚያ ታሪክ የተሰጠኝን የጥገኝነት ወረቀት እያሳደስኩ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ስደተኞች ቢሮ ለኢንተርቪው ቅረቢ ተባልኩ። እዚያ የወደቀ ሰው ወረቀቱን ይነጠቃል። ወረቀት ከሌለ ሱቅ የለም፣ ሱቅ ከሌለ የቤቲ ትምህርት የለም።

ሱቄ ዱርንፎንቴን በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ ሰርቢያዊ ሽማግሌ ጋራዥ ናት። እንዲህ ያለችውን የሰፈር ሱቅ እዚህ ስፓዛ ይሏታል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ አቀብላለሁ፤ የምተኛውም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። ደንበኛ «ሳውቦና ማማ» ብሎ በዙሉኛ ሰላም ሲለኝ ከፊቱ በፊት እጁን አያለሁ፣ ምን እንደያዘ አይታወቅም። አከራዬን ሚስተር ድራጋን እንላቸዋለን። እሳቸውም ግቢያቸውን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጥረው አይወጡም። እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው ስብርባሪ ስለሆነ እንግባባለን። ሰኔ ላይ፣ እናንተ ጋ ዝናቡ ሲወርድ እዚህ ደረቅ ብርድ ብቻ ሲሆን፣ በበርሜል ያስቦኩትን ጎመን አቀመሱኝ። ጉድጓድ የከረመ ቆጮ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ። የጎመዘዘኝ መስሏቸው ስኳር አመጡልኝ።

ባገራቸው ትልቅ የፖለቲካ ሰው ነበሩ ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጠየቅኳቸው። «የፓርቲ መሪ ሥራው ምንድነው?»

«መዋሸት» አሉኝ። «ለምን ፈለግሽው?»

የኬዜን ነገር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔ ወረቀት ደግሞ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው የሚለኝ። አንድ ፍሪጅ ከፍቼ አላውቅም። ያንቺ ደላላ የኔን ወረቀት ነው የሰጠሽ።»

ከዚያ ገበያ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር በርጩማ ይዘው እየመጡ ለኢንተርቪው እንዲሆነኝ ከፍርግርጉ ማዶ ሕይወታቸውን አስተማሩኝ። የፕለም ገበሬ ልጅ ናቸው። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ሳሉ ሥራ ማቆም ተነሥቶ ትራክተር ላይ ወጥተው ተናገሩ፣ ሕዝቡ በትከሻው ተሸከማቸው። የፓርቲ መሪ፣ ቀጥሎም ከንቲባ ሆኑ፣ ድልድይ ሠሩ። እኔም እንደ ጥቅስ በቃሌ ያዝኩት። መጨረሻውን ግን ብዙ ቀን ዘለሉት። ማን አባረረዎት ብዬ ስነዘንዛቸው ነው የተናገሩት።

«እናቶች» አሉ። «ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ግንባር የሚሄዱትን ወጣቶች ዝርዝር የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደጄ ይቆማሉ። አይሳደቡም። ልጆቻችን መቼ ነው የሚመጡት ይሉኛል። በቅርብ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን በር መክፈት አቃተኝ።» ቆይተው ደግሞ «ይህን ለቢሮው እንዳትናገሪ፤ ፖሊስ አሳደደኝ በዪ» አሉኝ።

በቀጠሮዬ ቀን የጠየቀችኝ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት ነበረች። ለሕዝቡ የት ሆነሽ ነበር የምትናገሪው ስትለኝ ትራክተር ላይ አልኳት። ጻፈች። ለሕዝቡ ምን አደረግሽ ስትለኝ ድልድይ ሠራሁ አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ማማ፣ ተቃዋሚ ሆነሽ ድልድይ ሠራሽ?»

ሚስተር ድራጋን በየትኛው ጊዜ መሪ እንደነበሩ፣ በየትኛው ጊዜ መንግሥት እንደሆኑ እኔ ለይቼ አልያዝኩም።

«ተይው ድልድዩን» አለችኝ። «ብትመለሺ ደጅሽ ላይ ማን ነው የሚጠብቅሽ?»

ፖሊስ ልል አፌን ከፈትኩ። «ልጅ» አልኩ። ከዚያ እንባዬ አላናግር አለኝ። ሶፍት አቀበለችኝ፣ ኮምፒውተሯን ረጅም ሰዓት አየች። ውሳኔው እንደሚቆይ፣ ወረቀቴን ለጊዜው እንደምታድስልኝ ነገረችኝ። እስከዚያ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም፤ አገሬ ከገባሁ ኬዙ ይዘጋል። ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን መታች።

ለሚስተር ድራጋን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። «እኔም ለጊዜው ነበር ያሉኝ» አሉና በራቸውን ዘጉ።

ፍርግርጉን ቆልፌ ሆሳዕና ደወልኩ። እናቴ ስለ ወረቀቱ ስትሰማ ጌታን አመሰገነችና ስልኩን ለቤቲ ሰጠቻት። ቤቲ ትልቅ ሰው መስላለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል።

«ወረቀት ካገኘሽማ መምጣት ትችያለሽ» አለችኝ። «መቼ ነው የምትመጪው፣ እማ?»

አንድ ደንበኛ ሳንቲሙን በብረቱ ላይ እያንኳኳ ይጠብቀኛል።

«በቅርብ» አልኳት።