የማሾ ብቅል

የእህቴ ልጅ ሳራ ከሥራ ስትገባ ወጥ እስኪበስል የምትጠብቅበት ትዕግሥት የላትም። አልፈርድባትም፤ እኔም ካረጀሁ ወዲህ ሽንኩርት ሲቁላላ ቆሞ መጠበቅ ወገቤን ያመኛል። ባለፈው ማክሰኞ ከስልኳ ላይ አይታ የጃፓን ፓስታ ጥብስ ልትሠራ ተነሣች፤ በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ራት ነው አለችኝ። ጎመኑንና ካሮቱን እንድከትፍላት ሰጠችኝና ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ሳህን አወጣች። ውስጡ ጅራታቸው የረዘመ ነጫጭ ቡቃያዎች ነበሩበት።

"ይኼ የምን ቡቃያ እንደሆነ ታውቂያለሽ አክስቴ?" አለችኝ፣ የማላውቀውን ልታሳየኝ ደስ ብሏት።

"በዚህ የተነሣ ከቤት ልባረር ነበር" አልኳት።

ራቱ እንዳይዘገይ ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት። ለእናንተ ግን ረጋ ብዬ ላውራው።

በሃያ ሦስት ዓመቴ የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ሸዋ ሮቢት ተመደብኩ። ያደግሁት አሰላ ስለሆነ የማውቀው ብርድ ነው። አውቶቡሱ ከደብረ ሲና ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ነጠላዬን፣ ትንሽ ወረድ ስንል ሹራቤን፣ ከዚያ ካልሲዬን አወለቅሁ፤ ሮቢት ስንደርስ የሚወልቅ ነገር ጨርሼ ነበር። የመንገዱ ዳር በሽንኩርት ጆንያና በፓፓያ ክምር ተሞልቷል፤ ሰዉም ፍየሉም ጥላ ተሻምቶ ተቀምጧል። ካርታ ላይ ቆላ ተብሎ የተማርኩት ይህን መሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ካራቆሬና ማጀቴ አግብተው ወጥተዋል። ክፍሏን ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ልጄ፣ ሃይማኖትሽ ያንቺ ነው። ስዕልሽን ስቀዪ፣ ጾምሽን ጹሚ። መጠጥ ግን ቤቴ አይገባም።" ከእኔ በፊት የነበረ ተከራይ ተደብቆ ጠላ ይጠምቅ ነበር አሉ። ጠጪው ሁሉ በሰከረ ቁጥር "የዘሃራ ቤት ጠላ" እያለ በሰፈሩ ስማቸውን ሲያነሣ፣ መስጊድ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው ከርመዋል።

በገባሁ በሦስተኛው ወር ወባ ጣለችኝ። እናቴ ሩቅ ናት፤ ስልክም እንደዛሬው አይደለም። ዘጠኝ ቀን አጥሚት ያጠጡኝ፣ ልብሴን ያጠቡልኝ፣ ሲያንቀጠቅጠኝ ጋቢያቸውን የደረቡልኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱን የኪራይ ቤት ማለት ተውኩ። ቤቴ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ በፈቃደኝነት የመጣች። እትዬ ዘሃራ ስሟን አሳጥረው "ሚዶ" አሏት። ፀጉሯ እንደ ሐር የለሰለሰ ስለነበር "ሚዶ የማያስፈልጋት ሚዶ" እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ቀልዱ ሳይገባት ትስቅላቸዋለች። የመሄጃዋ ጊዜ ሲቃረብ እትዬ ዘሃራን በአገሯ ምግብ ልታመሰግን አሰበች። ያኪሶባ ይባላል፤ የፓስታ ጥብስ ነው። ለዚህ ደግሞ ቡቃያ ያስፈልጋል አለችኝ።

"የምን ቡቃያ?"

ገበያ ይዛኝ ሄዳ ከአንዱ ገበሬ ጆንያ ፊት ተንበረከከችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተችው። ማሾ ነው። የይፋት ቆላ ማሾ የሚዘራው ለመሸጥ ነው፤ ክምሩን ዝናብ አግኝቶት ከበቀለ ገበሬው ራሱን ይይዛል። እሷ ግን ሁለት ጣሳ ገዝታ ሆን ብላ ልታበቅለው ነው። የእሷ ክፍል ቆርቆሮ ስለሆነ እንደ ምጣድ ይግላል፤ የእኔ የጭቃ ግድግዳ ግን ወፍራም ነው። ስለዚህ ማሾው በሳፋ ሆኖ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እኔ አልጋ ሥር ገባ። ቅዳሜ ይበላል ተባለ፤ ለእትዬ ዘሃራ እንዳንነግር ደግሞ ተስማማን፤ ድንገት ልናስደስታቸው ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘሃራ ደጃፌ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቴን የሚከፍቱልኝ እሳቸው ነበሩ። ሳፋው እግራቸው ሥር ነው፤ ጨርቁ ተገልጧል።

"ልጄ፣ ቤት ፈልጊ" አሉኝ። አልጮሁም።

"ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"እህል አርሰሽ፣ ሸፍነሽ፣ አልጋ ሥር ደብቀሽ አበቀልሽ። የበቀለ እህል ለምን እንደሆነ አላውቅም? ብቅል በቤቴ!"

ብቅል ያሉት ለጠላ መጥመቂያ የሚሆነውን መሆኑ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። በሕይወቴ ካመለጡኝ ነገሮች ሁሉ አብዝቼ የምጸጸትበት ያ ሳቅ ነው። ፊታቸው ጠቆረ። ለምግብ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ። የባቄላ በቆልት ሰምተው ያውቃሉ፤ በማሾ ግን ማን አየ? ምግብ ከሆነስ ለምን ይደበቃል? በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"ብቅል ከሆነ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ ይፈጫል። ምግብ ከሆነ እርጥቡን ይበላል። ዛሬ ይበላ። እኔ እዚሁ ተቀምጬ አያለሁ።"

እየሮጥኩ ሚዶሪ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት ቀላች፤ ከዚያ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቀኝ መጥበሻዋን አነሣች። ሥጋ እንግዛ ስትለኝ ከለከልኳት። ከእስላም ቤት ብትገዛ እኔ አልበላም፣ ከክርስቲያን ብትገዛ እሳቸው አይበሉም።

"ዕንቁላልስ?"

"ዕንቁላል የማንም አይደለም" አልኳት።

ግቢው መሃል ላምባ ምድጃዬን አቀጣጠልን። ሚዶሪ ፓስታውን ስትቀቅል ዳቦ የሚነፋበትን ነጭ የሶዳ ዱቄት ጣል አደረገችበት፤ ፓስታው ቢጫና ለጠጥ የሚል ሆነ። ሽንኩርቱን በኃይለኛ እሳት ላይ ጣለችው፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን አስከተለች፣ ከዚያ ማሾውን በእፍኟ ዛቅ አድርጋ በተነችው። ተንጣጣ። እጇ ያለማቋረጥ ያገላብጣል። እትዬ ዘሃራ ከበርጩማቸው ሳይነሡ እያንዳንዷን ነገር በዓይናቸው ይከተላሉ። ጥርጣሬያቸው መላላት ጀምሮ ነበር፤ ወጥ ቤት ያደገች ሴት የሚበላ ነገር ሲሸት ታውቃለች።

ያኔ ሚዶሪ ጠርሙሷን አወጣች። ጥቁር የአኩሪ አተር መረቅ ነው፤ መጀመሪያ እንደመጣች አዲስ አበባ ገዝታው፣ አገሯ ሲናፍቃት ሩዝ ላይ ጠብ እያደረገች ስትቆጥበው የኖረችው።

"ይኼስ ጥቁሩ ምንድነው?" አሉ እትዬ ዘሃራ።

"ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው። እንደ ጨው ማለት ነው" አልኩ ፈጠን ብዬ።

አልዋሸሁም። ግን ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ከዚያ በፊት አንብቤው ነበር፤ ከተዘረዘሩት መጨረሻ ላይ አልኮል የሚል አለ። ትንሽ ነው፣ እሳት ይበላዋል፣ ማን ያውቃል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቤቴ መጥበሻው ላይ ነበር። ለአንድ ጠብታ ብዬ ነገር አንሥቼ ላጣው አልፈለግሁም።

ሚዶሪ ግን ቆመች። የኔን መልስ ሰምታ ጠርሙሱን አዙራ አነበበች። ምድጃውን ዝቅ አደረገችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "እትዬ፣ ይቅርታ። እዚህ ውስጥ አልኮል አለ። ትንሽ። ግን አለ" አለቻቸው። ክዳኑን አጥብቃ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

እትዬ ዘሃራ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ሚዶሪን ጠላኋት። ልብሴን በየትኛው ሻንጣ እንደምከት እያሰብኩ ሳለ ተመልሰው መጡ፤ በጉያቸው ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዘዋል።

"ያለ እሱ አይሆንም ወይ ሚዶዬ?"

"ይሆናል" አለች ሚዶሪ።

በመረቁ ፈንታ ያመጡትን ጨምራ አጣፈጠችው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን። እትዬ ዘሃራ ቢስሚላህ ብለው ጎረሡ፣ ቀስ ብለው አኘኩ። "ፓስታው ፓስታ ነው" አሉ። "ብቅሉን ግን ጨምሩልኝ።" ስለ ቤት ፍለጋ ዳግም አልተነሣም። ሚዶሪ አገሯ ገባች፤ እኔ ወደ ሌላ ቦታ እስክዛወር ድረስ ሰባት ዓመት እዚያው ኖርኩ።

ያቺ ዝምታ ግን አልተወችኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ ዘሃራ መታመማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ወረድኩ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጠርሙሱን አንብቤው እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ሚዶ ስትነግረኝ የደነገጥሽው አንቺ ነሽ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ፊት ማንበብ አያቅተኝም።"

"ታዲያ ለምን አላስወጡኝም?"

"ልቤ አዝኖ ነበር፣ ወላሂ። ኋላ ግን፣ ይቺ ልጅ ቤቴን ላለማጣት እዚህ ድረስ ደረሰች አልኩ። ልጅ ይዋሻል። ልጅ ስለዋሸ ደግሞ ቤት ፈልግ አይባልም።"

ሳራ ፓስታውን ወደ ሳህን እየገለበጠች፣ አፍረሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አፍሬአለሁ። ሚዶሪን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ፤ የአገሯን ጣዕም በአንድ ቃል ትታ እውነቱን ስላሳየችኝም አመሰግናታለሁ። ከእፍረቴ ግን ምስጋናዬ ይበልጣል። በጎነቴን አይቶ ያስጠጋኝ ሰው በዕድሜዬ ብዙ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ዘሃራ ግን ጥፋቴን አውቀው ነው ሰባት ዓመት ያኖሩኝ። እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አልተከራየሁም።