ደሞዜ የለፈፈው ጋዝ

ደብረ ታቦር ደሞዜን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ አስሮ ሲያልፍ ሰው ጆሮውን ያቆማል እንጂ ቀና ብሎ አያየውም። የጠፋ በሬ፣ የከብት ክትባት፣ የእድር ስብሰባ፣ የአዲስ ሱቅ ምርቃት፣ ሁሉም ከተማውን የሚዞረው በእሱ አፍ ነው።

ጎረምሳ ሳለ መናኸሪያ ውስጥ «ገሳይ! ነፋስ መውጫ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። ድምፁ ያን ጊዜም ያስደነግጥ ነበርና ገሳይ የማይሄደውም ሰው ሳያስበው ይሳፈር ነበር ይባላል። በኋላ ባጃጅ ሲገዛ ለፋፊ ሆነ። ጎበዝ ነው፣ ሰዓት ያከብራል። አንድ ዐመል ግን አለበት፤ ነገር ማሳጠር ይወዳል። «ወሬ እንደ ቀሚስ ነው፣ ሲረዝም ይጎተታል፣ ሲጎተት ይቆሽሻል» ይላል። አንድ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሠርግ በሳምንት መራዘሙን ንገር ቢባል «ሠርጉ ቀርቷል!» ብሎ ለፍፎ፣ የሙሽራው አባት በዱላ እስከ ገበያው ድረስ አሯሩጠውታል።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። መብራት ጠፍቶ የሰነበተበት፣ ነጭ ጋዝም ከየሱቁ ድራሹ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ሰው ኩራዙንም ምድጃውንም አቅፎ ተቀምጧል። በዚያ መሀል የጨርቅ ነጋዴው የኢብራሂም ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ የምታስተምረው ሂክማ ደሞዜ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ ደሞዜ፣ አንድ ነገር ይለፍፉልኝ።»

«ሂክማዬ፣ አንቺ ካልሽ ጨረቃንም እጠራታለሁ።»

«ከጨረቃ እንኳ በጣም ይርቃል» አለች እየሳቀች። ከዚያም ነገረችው። እጅግ ሩቅ የሆነ፣ ፀሐያችንን የሚመስል ኮከብ አለ። በዙሪያው አንድ ትልቅ ፕላኔት ይዞራል። ለሁለቱም ስም የማውጣቱ ዕድል ለኢትዮጵያ ደርሶ ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብለዋል። «እና እንዲህ ይበሉልኝ፦ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ አቦል ስለተባለው ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት በነጻ ገለጻ ይሰጣል።»

ደሞዜ እንደ ዳዊት ሸምድዶ ወጣ። የመጀመሪያው ሰፈር ላይ አንዲት ቃል አላጎደለም። ችግሩ ባትሪው ነው። መብራት ከጠፋ ጀምሮ በደንብ አልሞላም፣ ሞንታርቦውም መንተባተብ ጀምሯል። ስለዚህ ደሞዜ ለባትሪው አዘነለት። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ «ፕላኔት» የምትለዋን ተዋት። ከገበያው ሲደርስ «ገለጻ»ም ቀረች። ወደ መናኸሪያው ሲወርድ የቀረው እንዲህ የሚል ነበር፦

«ቅዳሜ! በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ! ግዙፍ ጋዝ! በነጻ ይሰጣል!»

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መስከረም በር ላይ ጠበቀችው።

«አንተ እዚህ ትንቀዋለላለህ፤ ሰው ጀሪካኑን እያጠበ ነው።»

«ለምን?»

«ቅዳሜ ጋዝ በነጻ ይታደላል አሉ።»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ ነዋ! የማያወራ የለም።»

ደሞዜ ትንሽ አሰበ። አገሩ ሁሉ ካለ ደግሞ ውሸት አይሆንም። «ታዲያ ቢጫው ጀሪካን ክዳኑ የት ገባ?» አላት።

ቅዳሜ ሂክማ አሥር ያህል ተማሪ ቢመጣልኝ ብላ ተመኝታ ስትመጣ፣ ከአዳራሹ በር እስከ ግቢው አጥር ሰልፍ ጠበቃት። ሰልፈኞቹ ደግሞ በብዛት ጀሪካኖች ናቸው። መጀመሪያ የመሰላት ውኃ የጠፋ ነው። ሰዎቹ ወረፋቸውን ለጀሪካኖቻቸው አደራ ብለው አዳራሹን ሞልተውታል፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለም ነበር። በደስታ እንባዋ መጣ። ሳይንስ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለው አታውቅም ነበር።

«አቦል» ብላ ጀመረች፣ «ከዳር እስከ ዳር ጋዝ ነው።»

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ።

«ከምድራችን ከሺህ እጥፍ በላይ ይከብዳል።»

ጭብጨባው አላስቀጥል አላት። ከፊት ከተቀመጡት ባልቴቶች አንዷ፣ ጠላ በመሸጥ የሚተዳደሩት እትዬ ፈንታነሽ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ተባረኪ ልጄ። ነጩ ነው ናፍጣው?»

«ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፣ እትዬ።»

«አላውቀውም። ለምድጃ ይሆናል?»

«ሃይድሮጅን እንኳ ይነዳል። ግን እዚያ የሚያቀጣጥለው ኦክስጅን የለም።»

«ክብሪቱን እኛ እናመጣለን!» አለ አንድ ከኋላ።

«አይ፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ» አለች ሂክማ ግራ ገብቷት፣ «ማንም ሊደርስበት አይችልም። ከዚያ የተነሣ ብርሃን እንኳ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።»

አንድ ድምፅ «ታዲያ ለምን ቅዳሜ ተባለ?» ብሎ ጠየቀ።

ያኔ ነገሩ ተገላበጠ። «ያ ለፋፊ የት አለ?» «አምጡት!» ተባለ። ደሞዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢጫ ጀሪካኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በር ላይ አላስቀምጥም ብሎ በጋቢው ሸፍኖ ይዞት ገብቷል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ወደ እሱ ዞሮ «ወንድሜ፣ አንተ ታውቀዋለህ?» አለው። ደሞዜ ድምፅ ሳያሰማ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ዝም ካለ መልኩን የሚያውቀው የለም፤ ማምለጡ ነበር።

ሂክማ ግን አየችው። «ጋሼ ደሞዜ! እባክዎ እርስዎ ያስረዱልኝ!»

«እኔ ምን...» ከማለቱ ሰው ሁሉ ድምፁን ለየው። ጋቢው ከግራና ከቀኝ ተያዘ።

ደሞዜ ጀሪካኑን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ከራሱ በላይ አነሣው። «ጎበዝ! ዋሸ ብትሉኝ ይኸ ምንድን ነው? እኔም እኮ ልቀዳ ነው የመጣሁ!»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ፈንታነሽ ናቸው። ሳቃቸው አዳራሹን ሁሉ ይዞት ሄደ፤ ጋቢውን የያዙትም ከሳቁ ብዛት ለቀቁት። «በል ተቀመጥ አንተ ወሬ ቆራጭ» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። «ከመጣን አይቀር ልጂቱ ትጨርስልን። አቦሉን ሰማን፤ ቶናውስ አለ?»

«እስካሁን የተገኘው አንዱ ብቻ ነው እትዬ። ሌላም ይኖር ይሆናል።»

«እንግዲያማ ሲገኝ ጥሩን። በባዶ እጃችን እንመጣለን።»

እስከ መጨረሻው ሰምተው ወጡ። የተጣላ አልነበረም፤ በር ላይ የተሰለፈው ጀሪካን በስሕተት መለዋወጡ ግን ለሳምንት ሲያነጋግር ሰነበተ።

ደሞዜን ያ ነገር አልለቀቀውም። በሌላ ቀን ኢብራሂም ሱቅ ጎራ ብሎ ሂክማን አገኛትና በዝግታ ጠየቃት።

«ያ አቦል፣ ሰው ቢደርስበት ምን ላይ ይቆማል?»

«መቆሚያ የለውም ጋሼ። ቢወርዱ ቢወርዱ ጋዝ ነው፤ እንደኛ ያለ መሬት የለም።»

«አንዲት ጋት እንኳ?»

«አንዲት ጋት እንኳ የለም።»

ደሞዜ ወደ ደጃፉ ወጥቶ ወደ ጉና ተራራ አየ። በዚያ ሰሞን ከአጎቱ ልጅ ጋር በእርሻ ድንበር ተካሰው፣ በየቀጠሮው ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር።

«እንግዲህ» አለ፣ «እዚያ የድንበር ክስም የለማ።»

«የለም» አለችው።

«የተባረከ አገር ነው» ብሎ ባጃጁን አስነሣ።