ጉና ላይ የመጣብን እንግዳ
«ጋቢውን ይከብዳል ብለህ ያስቀረኸው አንተ ነህ!» አልኩት የአክስቴን ልጅ ዳዊትን።

«ታዲያ ያን ጊዜ አፍህን ማን ያዘህ?» አለኝ።

ጉና ተራራ ላይ ለማደር ከደብረ ታቦር የወጣነው ስስ ድንኳንና አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ብቻ ይዘን ነበር። ማምሻውን የጣለው በረዶ ዳገቱን ነጭ አድርጎታል። ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ስንጨቃጨቅ፣ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኝ ነው፤ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ከውጭ ሰማን። ወፍራም የበግ ቆዳ የደረቡ ሽማግሌ በቅሏቸውን ይዘው ቆመዋል።

ዳዊት በጆሮዬ፣ «መካከላችን ይተኛሉ፤ ቆዳውን ለሦስት እንለብሳለን!» አለኝ።

ሰው ማናገር የምፈራው እኔ እንኳ፣ «ቤት ለእንግዳ ነው አባባ፣ ይግቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንገታቸውን አስገቡ። ድንኳኑን በጣታቸው ዳሰሱት። ብርድ ልብሳችንን አዩ፤ እኛንም አዩ። ከዚያ በቅሏቸውን ስበው፣ በረዶውን እየረገጡ ሄዱ።