ፍትሐት ያልደረሰለት ዞምቢ

ሰውአገኝ ከኮሪያኛ አንዲት ቃል አይችልም። ይህን ላሊበላ ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም እሁድ ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ የሚሞላው እሱ ማይኩን ይዞ ፊልሙን በአማርኛ ሲተርክ ለመስማት ነው። ድሮ አስጎብኚ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ አፉ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ አፍ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። አንድ ቀን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት "ድምፁን ልዝጋውና አንተ ተናገርላቸው" አለው። ያን ቀን የጀመረውን እስከ ዛሬ አልተወም።

ከሁሉም የሚወደዱለት የእስያ የዞምቢ ፊልሞች ናቸው፤ የሞተ ሰው ተነስቶ ቋሚን የሚያሳድድባቸው፣ አስፈርተው ሳይጨርሱ የሚያስቁ። የፈረንጆቹን ዞምቢ ሰዉ አልወደደውም፤ ዝም ብሎ መብላት ብቻ ነው። የኮሪያውና የታይላንዱ ግን አማት አለው፣ ሠርግ አለው፣ ሊነክስ የመጣው ሙት ሳይቀር ሽማግሌ ሲያይ ጎንበስ ይላል። "የሞተ ሰው እንዴት ይሄዳል?" ብለው ለጠየቁት ሰውአገኝ መልስ አላጣም። "ፍትሐት ስላልደረሰላቸው ነው" አላቸው። ቤቱ ተቀበለው፤ ካህን ሳይፈታው የተቀበረ ሰው ዕረፍት ቢያጣ ምን ይገርማል? ሰውአገኝ በዚህ መልሱ ኮርቶ ነበር። ለራሱ ጉድጓድ መቆፈሩን ያወቀው በኋላ ነው።

አንድ እሁድ ባሳየው የኮሪያ ፊልም ውስጥ ሠርግ ቤት መሀል ሙታን ይነሱና ሙሽራዋን ያሳድዳሉ። ከእነሱ አንዱ ወፍራም ሽማግሌ ነው፤ በአንድ እግሩ ጫማ የለም፣ ዳገቱን እያነከሰ ይወጣል። ሰውአገኝ ሳያስበው ከጉሮሮው የጋሼ አረጋ ድምፅ ወጣ። "ቀስ በሉ እንጂ ጎበዝ፣ በቅሎዋም ነፍስ አላት።" ጋሼ አረጋ ተሳላሚና ቱሪስት በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሻካራ ድምፅ የማያውቅ የለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ደግሞ አንዳንዱ አማተበ። ጋሼ አረጋ ከተቀበሩ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር፤ አርባቸው አልወጣም። ካህናት ደክመው የፈቷቸውን ሰው ሰውአገኝ ፍትሐት ካልደረሰላቸው ጋር አሰልፎ ዳገት አስወጣቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሰኞ ጠዋት ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። የጋሼ አረጋ ወንድም ምናለ ዕድሩ ዘንድ ሄዶ "ይሄ ሰው ይሰረዝልኝ" አለ። የዕድሩ ዳኛ "ነገሩ የሚስቱ ነው፤ እሷ ቅር ካላት ይሰረዛል" ብለው መለሱለት። የሰውአገኝ እናት ወለተ ሐና ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወር አልፏቸዋል። ከዕድር የተባረረ ሰው እናቱን ከማን ጋር ተሸክሞ ይቀብራል? ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወረደለትም። ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ እስከ ጋሼ አረጋ ባለቤት እስከ እትዬ ይማርሽ ደጃፍ ሄዶ፣ ሁለቴም በፍርሃት ተመለሰ። ማይክ ካልጨበጠ ምላሱ አይታዘዘውም።

በሚቀጥለው እሁድ ፊልም ሊጀመር ሲል በሩ ላይ የተኮለኮለው ሰው መንገድ ለቀቀ። እትዬ ይማርሽ ከላቸውን እንደለበሱ ገቡ። ከኀዘን ቤት ተነስታ ቪዲዮ ቤት የገባች ሴት በላሊበላ ታይታ አታውቅም። ሄደው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ምናለ ሽመሉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ያንኑ ፊልም ክፈተው" አሉ።

"እትዬ ይማርሽ፣ በመድኃኔዓለም፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ እኔ…"

"ክፈተው አልኩህ እኮ።"

ከፈተው። ሙሽራዋን ሆኖ ተናገረ፣ አማቲቱን ሆኖ ተናገረ፤ የሚስቅ ጠፋ። ያ ሽማግሌ እያነከሰ ብቅ ሲል ሰውአገኝ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ሙቱ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለውም። ምናለ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

"ምነው ዝም አሰኘኸው?" አሉ እትዬ ይማርሽ። "አረጋ ዝም ብሎ ያውቃል?"

"አልችልም፣ እትዬ።"

"ሠላሳ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ሰው ኮን ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎ በጠዋት ወጣ፤ ሬሳው መጣ። ድምፁን ብፈልግ ስልክ ላይ የለ፣ ካሴት ላይ የለ። አንተ ጉሮሮ ውስጥ አለ አሉኝ። በል አውጣው።"

ሰውአገኝ ማይኩን አነሣ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። "ቀስ በሉ እንጂ ጎበዝ" አለ። ድምፁ ተሰበረበት፤ ዋጥ አድርጎ እንደገና ያዘው። "በቅሎዋም ነፍስ አላት። ዳገቱ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

እትዬ ይማርሽ ብቻ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ሲዞር ምናለ ሽመሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ሲበቃቸው ተነሱ። "ለዕድሩ ዳኛ ቅር አላላትም በልልኝ" አሉት ምናለን። ከዚያ ወደ ሰውአገኝ ዞሩ።

"አርባው እስኪወጣ እንዳትደግመው። ነፍሱ መንገድ ላይ ናት፣ ታዘገይብኛለህ። ከአርባው በኋላ ግን ይሄን ፊልም ስትከፍት አስጠራኝ።"